«ኔትወርኩ ነው» ከማለታችሁ በፊት

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ጠያቂው የተቀመጠው ድሬ ዳዋ ወይም ሐረር ነው፤ የሚሠራበት ኮምፒውተር ግን አዲስ አበባ ወይም አሜሪካ ነው። ፊቱ ያለው ላፕቶፕ የሚያሳየው የዚያን የሩቁን ማሽን ስክሪን ብቻ ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ በሉት፣ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ በሉት፣ ሲያስቸግር ምልክቱ ያው ነው። ወይ አላስገባም ይላል፣ ወይ ይንቀራፈፋል፣ ወይ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ሁሉም ደግሞ ጥያቄውን የሚጨርሰው «መቼም ኔትወርኩ ነው» ብሎ ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ኔትወርኩ የቱ ጋ? እሱን ሳንለይ ብር ማውጣት የለም።

ከድሬ ዳዋ ሳቢያን፣ የሒሳብ ሠራተኛ

«ሰላም እህታችን። የምሠራው ቅርንጫፍ ቢሮ ነው፤ ዋናው ቢሯችን አዲስ አበባ ነው። በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ ለቢሮው ብቻ በተከለለው መስመር፣ እገባና በሪሞት ዴስክቶፕ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ እሠራለሁ። ጠዋት ምንም አይልም። ከምሳ በኋላ ግን ቁጥር ስጽፍ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ገባ አልገባ እያልኩ አንድ ቫውቸር ሁለቴ የመዘገብኩበት ጊዜ አለ። ፍጥነቱን ስለካው 20 ሜጋ ይለኛል። አለቃዬ አዲስ ላፕቶፕ ልግዛልሽ እያለ ነው። ይግዛ?»

አይግዛ። ገና ነው።

መጀመሪያ ያንን 20 ሜጋ እርሺው። ለቢሮ ሥራ የሚውል ቨርቹዋል ዴስክቶፕ 3 ሜጋ ገደማ ይበቃዋል፤ ማይክሮሶፍትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። አንቺን ያስቸገረሽ መዘግየት ነው። ሜጋው ካሚዮኑ ስንት ኩንታል እንደሚጭን ነው የሚነግርሽ። ጅቡቲ ደርሶ ለመመለስ ስንት እንደሚፈጅበት አይነግርሽም። አንቺ አንድ ቁጥር በተጫንሽ ቁጥር ያ ቁጥር አዲስ አበባ ሄዶ፣ ምስሉ ተመልሶ ነው ስክሪንሽ ላይ የሚታየው።

መንገዱን ሦስት ቦታ ክፈይው፦ ከላፕቶፕሽ ዋይፋዩን እስከሚያድለው ሳጥን፣ እስከ ራውተሩ፣ ከራውተሩ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሰርቨሩ ራሱ፣ ማለት ሁላችሁም የምትገቡበት ዋናው ኮምፒውተር። አንድ በአንድ እንሂድ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ግን ማንም አያየውም። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ክፈቺና በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ ብለሽ የራውተርሽን አድራሻ ጻፊ፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መጨረሻው ላይ ክፍተት ሰጥተሽ ሰረዝና ቲ ጨምሪበት፤ እስክታቆሚው ድረስ ይቆጥራል። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ እዪው። 2፣ 3፣ 5 ሚሊ ሰከንድ እያለ ከሄደ ሰላም ነው። ከሰዓት 90፣ 200 እያለ የሚዘል ከሆነ፣ ወይም መሐል መሐል ላይ መልስ ቀረ የሚል ከሆነ፣ ችግሩ ገና ከቢሯችሁ አልወጣም። ያ የዋይፋይ ነገር ነው። ከምሳ በኋላ ድሬ ምን እንደምትመስል አንቺም ታውቂያለሽ። ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ስልክ ይወጣል፣ ቲክቶክ ይከፈታል፤ ሁሉም በዚያችው በአንዷ ዋይፋይ ላይ። መድኃኒቱ የአንቺን ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነው። የኬብል ዋጋና የላፕቶፕ ዋጋ ደግሞ አይገናኝም።

ሁለተኛው። አሁን ቪፒኤኑን ክፈቺና የሰርቨሩን አድራሻ ፒንግ አድርጊ። ከዚህ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዳታው በፋይበር ኬብል ውስጥ ብርሃን ሆኖ በ1 ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ደርሶ መልሱ በወረቀት 5 ሚሊ ሰከንድ ነው። መሐል ላይ ያሉት መሣሪያዎችና ቪፒኤኑ ተጨምረው 20 ወይም 30 ቢሆን አያስደንቅም። ራውተሩ ጋ 3 እያለ እዚህ 300 የሚል ከሆነ ግን መስመራችሁ ሞልቷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ደግሞ የመላኪያው በኩል ነው፤ ሰው የሚለካው የማውረጃውን ነው። የሲሲቲቪ ካሜራችሁ ምስሉን ወደ ኢንተርኔት ይልካል? የሥራ ባልደረባሽ ስልክ ፎቶ ባካፕ ያደርጋል? አንድ ከባድ ነገር መስመሩን ሲይዘው ያንቺ ትንሽዬ ቁጥር ከኋላ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ካሜራውን ለአሥር ደቂቃ ነቅላችሁ እዩት። ፒንጉ ወዲያው ከወረደ ጥፋተኛው ተገኘ። ብዙ ራውተሮች ላይ ለአንድ ኮምፒውተር ቅድሚያ መስጠት ይቻላል፤ ቢሯችሁን የሚያየው ቴክኒሻን ያስተካክለው።

ሦስተኛው ሰርቨሩ ነው። እኔ አንቺን ብሆን የምጠረጥረው እሱን ነው። አዲስ አበባ ያለች ባልደረባሽ ጋ ደውዪ። «አሁን አንቺም ጋ ይንቀራፈፋል?» በያት። አዎ ካለችሽ የድሬ መስመር ነፃ ነው። ሪሞቱ ውስጥ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ፤ ማሽኑ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ያሳያል። ሜሞሪው 95 ከመቶ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ይህ ለምን ከሰዓት ይብሳል? ሰው ሁሉ ጠዋት ይገባል፣ ከዚያ ለምሳ ሲወጣ ከላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ተጭኖ ይሄዳል። ያቺ ምልክት መስኮቱን ብቻ ነው የምትዘጋው። ፒችትሪው፣ ኤክሴሉ፣ ሠላሳ የክሮም ገጽ እዚያ ሰርቨሩ ላይ ክፍት ሆነው ሜሞሪ ይበላሉ። ሥራ ሲያልቅ ስታርት ውስጥ ገብቶ ሳይን አውት ማለት ነው። የሰርቨሩ ኃላፊ ደግሞ ተጥሎ የተኬደ ሴሽን፣ ማለት ሰው ከፍቶ የተወው ሥራ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ይችላል። የግብር ሰሞን ሳይደርስ ንገሩት።

ስለ ቫውቸሩ። ስክሪኑ ሲቆም ደግመሽ አትጫኚ። የተጫንሻቸው ቁልፎች አይጠፉም፤ ተሰልፈው ቆይተው መስመሩ ሲለቀቅ ተከታትለው ይገባሉ። ሁለት ቫውቸር የሆነብሽ በዚህ ነው። መስመሩ ጨርሶ ቢቋረጥ እንኳ ሴሽንሽ አዲስ አበባ እንዳለ ነው፤ ተመልሰሽ ስትገቢ ያቆምሽበት ላይ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ መዝገቡን እዪ፣ ከዚያ ድገሚ።

አለቃሽ «እንግዲያውስ ሪሞቱ ይቅርና ፒችትሪው ላፕቶፕሽ ላይ ይጫን፣ ፋይሉን በቪፒኤን ከሰርቨሩ ትከፍቺዋለሽ» ካለ እሺ እንዳትይው። ፒችትሪ አንድ ሪፖርት ለማውጣት ፋይሉን ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ በጥቂት በጥቂቱ ያነባል። 2,000 ጊዜ ቢመላለስ፣ ቢሮ ውስጥ በ1 ሚሊ ሰከንድ 2 ሰከንድ ነው። ከድሬ በ30 ሚሊ ሰከንድ 1 ደቂቃ ነው። እየጻፈ እያለ መስመሩ ቢቋረጥ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ፕሮግራሙ ዳታው አጠገብ ይሁን፤ ወዳንቺ ምስሉ ብቻ ይምጣ።

ላፕቶፑ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። የድሬ ሙቀት ሲከብደው ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከሥር እጅሽን የሚያቃጥል፣ ፋኑም የሚጮህ ከሆነ አቧራውን አስነፊው። ይህም ቢሆን አዲስ ላፕቶፕ አያስገዛም።

ከሐረር፣ ጁገል ውስጥ

«አቦ እህቴ፣ ለአሜሪካ ድርጅት በደንበኛ አገልግሎት እሠራለሁ። ቨርቹዋል ዴስክቶፑ ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ሞኒተር ሰጥተውኛል። ለአሥር ሰከንድ ሀንግ ያደርግና ከዚያ ሁሉም ነገር ባንዴ ይሮጣል። ራውተሩ ግቢው መግቢያ ያለው ክፍል ነው፣ እኔ ውስጠኛው ክፍል ነኝ። የገረመኝ፣ ግቢው መሐል ወጥቼ በስልኬ ሆትስፖት ስሠራ ይሻላል። ድርጅቱን፣ ዴስክቶፑን ወደ ዱባይ አዙሩልኝ ልበል?»

አቦ፣ መልሱን ራስህ አግኝተኸዋል እኮ። ግቢ ስትወጣ ከተሻለ ጥፋተኛው ግድግዳው ነው። የጁገል ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ወፍራም ነው። ለሙቀትም ለብርድም ተስማሚ ነው፤ ለዋይፋይ ግን ጠላት ነው። ሁለት እንዲህ ያለ ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ዋይፋይ አሞሌው ላይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ግን ከሚልከው መሐል እየወደቀ ይደግማል። ያ ነው ሀንግ የሚያደርግህ። 5 ጊጋኸርዝ የሚሉት ዋይፋይ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። 2.4 ትንሽ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ኬብል ነው። የግድግዳውን ጠርዝ ይዞ በበሩ ላይኛ ጥግ ይገባል፤ ቅርስ የሆነ ግድግዳ በድሪል የሚበሳ ቴክኒሻን ካመጣህ ግን ከኔ ጋር ተጣላን።

ርቀቱን ግን ማንም አያሳጥርልህም። ከዚህ ቨርጂኒያ በቀጥታ መስመር ቢታሰብ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን ራሱ ደርሶ ለመመለስ ከ110 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ኬብል ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፣ ባሕር ባሕሩን ነው፤ ከ200 በላይ ብታይ ተፈጥሯዊ ነው። ማይክሮሶፍት ለቨርቹዋል ዴስክቶፑ የሚመክረው ከ150 በታች ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ መካከል ከሚመላለሰው ዳታ ከፊሉ ዙሪያ ጥምጥም ሄዷል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ራውተር ስታጠፋና ስታበራ አትዋል።

ዱባይ ማይክሮሶፍት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳታ ሴንተር አለው፤ ጆሃንስበርግም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄህ ቅዠት አይደለም። ግን የድርጅቱ ፋይልና የደንበኞች መዝገብ ቨርጂኒያ ከቀረ፣ ዴስክቶፑ ብቻ ዱባይ መምጣቱ ይጎዳሃል። ማውሱ ይፈጥንልሃል፤ የደንበኛውን ገጽ ስትከፍት ግን ዱባይ ያለው ማሽን ለእያንዳንዱ ነገር ቨርጂኒያ ይመላለሳል። ለሳቢያኗ እህት ያልኩት ነው፤ ዴስክቶፑ ከዳታው አይለይ።

ባይሆን ይህን አድርግ። አንዱን ሞኒተር ለሪሞቱ፣ ሌላውን ለራስህ ላፕቶፕ ተው፤ የሚላከው ምስል በግማሽ ይቀንሳል። የስብሰባ ቪዲዮ፣ ዩቲዩብና ሙዚቃ ሪሞቱ ውስጥ አትክፈት፣ ላፕቶፕህ ላይ ክፈት። ረጅም ኢሜይል ላፕቶፕህ ላይ ጽፈህ ኮፒ አድርገህ ለጥፍ። በማውስ ከመሳብ በቁልፍ ሥራ። ከላይ ባለችው የግንኙነት አሞሌ ላይ የምልክት ሥዕል አለች፣ ተጫናት፤ ዩዲፒ የሚባለው ፈጣኑ የዳታ መላኪያ ዘዴ መሥራት አለመሥራቱን ትነግርሃለች። ዩዲፒ ካልሠራ በሌላው ዘዴ፣ በቲሲፒ ነው የምትሄደው፤ በቲሲፒ አንድ ነገር መንገድ ላይ ከወደቀ እሱ እስኪመጣ የኋላው ሁሉ ይቆማል። የድርጅቱ ቪፒኤን ዩዲፒ እንዲያሳልፍ ጠይቅ። አንዳንድ ቪፒኤን ላይ ግን ተቃራኒው ነው የሚሆነው፤ ዩዲፒው ራሱ ሴሽኑን ያደርቀዋል። ያኔ አይቲያችሁ ዩዲፒውን አጥፍቶ ይሞክርልህ።

ከድሬ ዳዋ ከዚራ፣ ጡረታ የወጡ አባት

«ልጄ፣ እንደምን አለሽ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለአንድ ድርጅት ሪፖርት አዘጋጃለሁ። የድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ከቤት ሆኜ ነው የምገባው። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኮምፒውተሬ ሰዓቱ ተዛብቶ አገኘሁት። የልጅ ልጄ አስተካከለልኝ። ከዚያ ወዲህ የቀንና የሰዓት ልዩነት አለ ብሎ አላስገባም አለኝ። የልጁ ሰዓት ግን ልክ ነው፣ ከእጄ ሰዓት ጋር አመሳክሬዋለሁ።»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጁ በቅንነት ነው ያደረገው። ከእጅዎ ሰዓት ጋር መግጠሙ ነው ችግሩ። እርስዎ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሉ ኮምፒውተሩ 8 ማለት አለበት። ልጁ በእኛ አቆጣጠር ስላደረገው ኮምፒውተርዎ ከድርጅቱ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። የድርጅት ሰርቨር የይለፍ ቃልዎን ከመቀበሉ በፊት የሁለቱን ሰዓት ያመሳክራል። በተለምዶ የሚታገሠው 5 ደቂቃ ብቻ ነው።

ቀኑንም ይዩልኝ። ዓመተ ምሕረቱንም በእኛው አድርጎት ከሆነ ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። የሰርቨሩ መታወቂያ፣ ሰርተፍኬት የሚሉት፣ የተሰጠበት ቀን አለው። ኮምፒውተርዎ ቀኑን ሲያይ «ይህ ወረቀት ገና አልተሰጠም» ብሎ ይጥለዋል። ባንክዎንና ኢሜይልዎንም ሳይከለክልዎት አይቀርም።

እንዲህ ያድርጉ። የሰዓት ሰቅ ከሚለው ውስጥ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ዊንዶውስ አዲስ አበባን ለብቻው አይዘረዝርም፣ ናይሮቢ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲወስድ ያድርጉት። የእኛን ቀን ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ያንብቡ። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ዴስክቶፕ ከሆነ ሲአር 2032 ይበሉ፣ ሰዓት ሠሪዎችም ይሸጡታል። የልጅ ልጅዎን አይቆጡት፤ ይህንኑ ስህተት ቢሮዎች ውስጥ አይቻለሁ።

ከሐረር፣ የአንድ ትምህርት ቤት የአይቲ ባለሙያ

«የቤቴ መስመር ላይ ቪፒኤኑ ይገናኛል፣ የይለፍ ቃሉን ይቀበላል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ብቻ። በስልክ ሆትስፖት ግን ያለምንም ችግር ይከፈታል።»

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልትና ኢንድን አንድ ላይ ተጫን፤ ሪሞቱ ውስጥ ኢንድ የዴሊትን ሥራ ትሠራለች። ከዚያ ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ኤክስፕሎረርን ስታስነሳ ስክሪኑ ከመጣ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ነው። ያንተ ግን በመስመር ስለሚለያይ ኤምቲዩ፣ ማለት መስመሩ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን፣ ይመስለኛል። የይለፍ ቃል ትንሽ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ነው፣ ያልፋል። ምስሉ ትልልቅ ፓኬት ነው፣ ቪፒኤኑ የራሱን ሲጨምርበት ከመስመሩ ይበልጥና ይወድቃል። ሰርቨሩን ሰረዝ ኤፍና ሰረዝ ኤል 1472 ጨምረህ ፒንግ አድርግ። ካላለፈ እያወረድክ ሂድ። 1372 ላይ ካለፈ 28 ጨምርበት፣ 1400 ይሆናል። የቪፒኤኑን ኤምቲዩ እዚያ ላይ አድርገው።

ባጭሩ

«ሰርቨራችን ሦስተኛ ሰው አላስገባም ይላል» ላላችሁኝ፦ ዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የሚፈቅደው ሁለት ሰው ነው፤ እሱም ለአስተዳደር ሥራ። የሪሞት አገልግሎቱን ጭናችሁ ለአራት ወር ሠርቶ ድንገት ሁሉንም ካባረረ ደግሞ 120 ቀን የሚሰጠው የሙከራ ጊዜ አልቋል። ፈቃድ ግዙ። ቆጣሪውን እያጠፉ የሚያድሱ ሰዎች አሉ፤ እኔን አትጠይቁኝ።

«ቤት ያለውን ኮምፒውተሬን ከሱቅ ልክፈተው ብል እምቢ አለ»፦ ዊንዶውስ ሆም ከሆነ በሪሞት ዴስክቶፕ ከውጭ የሚገባን አያስተናግድም፤ ፕሮ ያስፈልጋል። ፖርት 3389ን፣ የሪሞት ዴስክቶፕን መግቢያ በር፣ ራውተር ላይ ክፈት ያለህን ሰው አትስማ። ኢንተርኔት ላይ ያንን በር ቀን ከሌሊት የሚያንኳኩ ሌቦች አሉ፤ ፋይል ቆልፈው ብር የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ በዚያ ገብተው ነው። ቪፒኤን ተጠቀም።

«ሪሞቱ ውስጥ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታየኛል»፦ ፎንቱ መኖር ያለበት ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ያንቺ ላፕቶፕ ላይ መጫኑ ለውጥ አያመጣም። ጽሑፉ በኒያላ ከተጻፈ፣ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ኒያላ በራሱ አይመጣም፤ ከአማራጭ ፎንቶች ውስጥ ይጨመራል። ለጊዜው ጽሑፉን መርጠሽ ፎንቱን ወደ ኢብሪማ ቀይሪው።

«መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔ ባትሪ አለው፣ ግን ሪሞቱ ይቋረጣል»፦ ራውተርህ ባትሪ ስለሌለው ነዋ። ለራውተር ብቻ የተሠራች ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የምትተካ ባትሪ፣ አለች። ስትገዛ የራውተርህን ቻርጀር ይዘህ ሂድ፤ 12 ቮልት ይሁን 9 ላዩ ላይ ተጽፏል። የፋይበር ሳጥኑ ከራውተሩ የተለየ ከሆነ ለሁለቱም መሰኪያ እንዳላት እይ፤ አንዱን ብቻ ማብራት ዋጋ የለውም።